አሮጊት ድመት እየበላች ስትከሳ

(ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት)

መግቢያ

ስለ እህል አቀማመጥ በሚሰጡ ትምህርቶች ስለ ጐተራ አሠራር፣ ስለ ነቀዝ መከላከያና ስለ አይጥ መርዝ ብዙ ይነገራል። ሌሊቱን ሙሉ ጐተራውን ስለምትጠብቀው ስለ ድመት ግን የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። የአገራችን የእንስሳት ናሙና ቆጠራ የቀንድ ከብቱን፣ በጉንና ፍየሉን፣ የጋማ ከብቱን፣ ግመሉንና ዶሮውን ይመዘግባል፤ የንብ ቀፎ እንኳ ሳይቀር ይቆጠራል። ድመት ግን በመዝገቡ ላይ ቦታ የላትም። ስለዚህ አንድ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ድመት ጥያቄ ሲቀርብለት ፈገግ ብሎ ቢያልፈው የሚያስገርም አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፈገግታ ተገቢ አለመሆኑን ማስረዳት ነው። በዋጃና በአካባቢው፣ በጠቅላላውም ከቆቦ እስከ አላማጣ ባለው የራያ ሜዳ፣ ማሽላ በሚያስገባ ቤት ሁሉ ሊነሣ የሚችል አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ «ድመታችን አርጅታለች። ከዱሮው የበለጠ ትበላለች፤ ሌት ተቀን ምግብ ትለምናለች፤ ነገር ግን አጥንቷ እስኪቈጠር ከስታለች። ምን ሆና ነው?» የሚል ነው።

በበኩሌ የምሰጠው መልስ በሦስት ነጥቦች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ እየበላች የምትከሳ አሮጊት ድመት ስግብግብ አይደለችም፤ ወይ ታማለች፣ ወይም የምታገኘው ምግብ አይበቃትም። ሁለተኛ፣ ምግብ መከልከልም ሆነ ወስዶ መጣል እህሉን አያድንም። ሦስተኛ፣ የድመቲቱ መክሳት የጐተራው ጠባቂ ተተኪ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ከዚህ ቀጥሎ እነዚህን ነጥቦች አንድ በአንድ እንመለከታለን።

ነገሩ ለምን ይመለከተናል?

በመጀመሪያ ሒሳቡን እናስቀድም። ክብደቱ 150 ግራም የሆነ የቤት አይጥ በቀን የክብደቱን 10 ከመቶ ያህል፣ ማለትም 15 ግራም እህል ይበላል እንበል። ይህ በዓመት አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። በአንድ ቤትና በዙሪያው 20 አይጦች ቢኖሩ በዓመት ከአንድ ኩንታል በላይ ማሽላ በሉ ማለት ነው። በሽንታቸውና በፋንድያቸው የሚያበላሹት፣ ከረጢትና ጆንያ ቀድደው የሚያፈሱት በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም።

በአገራችን ማሳዎችና መንደሮች በብዛት ከሚገኙት አይጦች አንዷ እስከ 12 ጥንድ የሚደርስ ጡት ያላት ዓይነት ናት። በአንድ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ልጆች ልትወልድ ትችላለች፤ የእርግዝናዋም ጊዜ ከአንድ ወር ያነሰ ነው። ማሽላው ተቈርጦ አገዳው በቤት አጠገብ ሲከመር ለዚህች አይጥ ከነፋስም ከጭልፊትም የተጠለለ መኖሪያ ተሠራላት ማለት ነው። ከአገዳው ክምር እስከ ጐታው ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው።

ራያ እህል የሚባክንበት አገር አይደለም። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በዚህ አካባቢ ያደረሰው ጉዳት ከሽማግሎች አፍ አልጠፋም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም የበረሃ አንበጣ በአጨዳ ዋዜማ መጥቶ የራያን ማሽላና ጤፍ ክፉኛ አጥቅቷል። ከድርቅና ከአንበጣ ተርፎ ጐተራ የገባን እህል ለአይጥ አሳልፎ መስጠት ሁለት ጊዜ መጐዳት ነው። በመሆኑም ጐተራውን የምትጠብቅ እንስሳ ጤና የእህል ጉዳይ ነው፤ የእህል ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የእኛ ጉዳይ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በብዙ ቤት ድመቲቱን የምታውቃት የቤት እመቤቷ ናት። ጐታውን ከፍታ የምትዘጋው፣ የአይጥ ፋንድያ የምታየውና ምግብ የምትወረውረው እርሷ ናት። ስለ ድመቷ ጠይቃ የተሳቀባት ሴት ስለ ነቀዝ ወይም ስለ ዘር ልትጠይቅ ወደዚያው ባለሙያ አትመለስም። ጥያቄን ማክበር የኤክስቴንሽን ሥራ መጀመሪያ ነው።

የተለመዱ ግን የተሳሳቱ አስተያየቶች

ሀ/ «ስግብግብ ሆናለች፤ ካልተራበች አይጥ አትይዝም።» ይህ አስተያየት በሰፊው ይነገራል፤ የሚያስከትለውም ጉዳት ከሁሉ የከፋ ነው። የድመት የማደን ጠባይ ከረኃቧ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። የጠገበች ድመትም አይጥ ሲንቀሳቀስ ካየች ታደባለች፤ ትይዛለች። አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ያሉት ይህንኑ ሳያዩ አይመስለኝም። በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ኤልተን የተባሉት ሊቅ በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በእርሻ ቤቶች ዙሪያ ያሉ ድመቶችን ተመልክተው ነበር። አይጡ አስቀድሞ ከተጠረገ በኋላ ድመቶች ቦታውን ንጹሕ አድርገው ሊያቈዩ እንደሚችሉ፣ ለዚህም በየቀኑ የሚሰጣቸው ምግብ ከእርሻው ቤት እንዳይርቁ እንደሚያደርጋቸው ገልጸዋል። የተራበች ድመት ግን ምግብ ፍለጋ ወደ ጎረቤትና ወደ ገበያ ትሄዳለች፤ ጐተራውም ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ለ/ «የሰው ዓይን ነው፤ ቡዳ በልቷት ነው።» ይህን የሚሉትን መስደብ አያስፈልግም፤ አንድን እንስሳ ጤነኛ መስሎ እየበላ ሲከሳ ማየት በእርግጥም ግራ ያጋባል። ነገር ግን ምክንያቶቹ በሥጋዋ ውስጥ የሚገኙ፣ አብዛኛዎቹም የሚታወቁ ናቸው። ዝርዝራቸው ወደ ታች ቀርቧል።

ሐ/ «እርጅና ነው፤ ምንም አይደረግም።» እርጅና በራሱ በሽታ አይደለም። አንዲት ድመት 10 ዓመት ሲሞላት በሰው ዕድሜ ወደ 55 ዓመት የተጠጋች ያህል ትቈጠራለች። ሰው በዚህ ዕድሜው እየበላ አጥንቱ ቢወጣ «አርጅቷል» ብለን አንተወውም፤ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን። በእርጅና ጊዜ የሚመጡ በሽታዎች አሉ፤ እነርሱን ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

እነዚህ አስተያየቶች ብዙውን ጊዜ የሚያበቁት ድመቲቱን በመከልከል፣ በመምታት ወይም በጆንያ ከትቶ ሩቅ ቦታ በመጣል ነው። እህሉን የበላው አይጥ፣ የተቀጣችው ድመት! «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ፍርድ ነው።

በመጀመሪያ መክሳቷን ማረጋገጥ

ዓይን ያታልላል። ፀጉሯ የተንጨባረረ ድመት ሳትከሳ የከሳች ትመስላለች፤ ሆዷ በትል የተነፋች ደግሞ ከስታም የወፈረች ትመስላለች። ስለዚህ መመዘን ያስፈልጋል።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ትልቁ የእህል ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ ግማሽ ኪሎ ለይቶ አያሳይም። በርበሬ ወይም ስኳር የሚመዘንበት የሱቅ ሚዛን ይበቃል። ድመቲቱን ክዳን ባለው ቅርጫት አስገብቶ መመዘን፣ ከዚያም ባዶውን ቅርጫት መዝኖ መቀነስ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ምግብ ከመብላቷ በፊት፣ ለሦስት ወር ያህል መዝኖ በደብተር መጻፍ ይገባል። አራት ኪሎ የነበረች ድመት ሦስት ኪሎ ተኩል ብትሆን ከክብደቷ 12 ከመቶ በላይ አጥታለች። ይህም 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰባት ኪሎ ተኩል እንደመክሳት ያህል ነው። ግማሽ ኪሎ በድመት ላይ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዕድሜዋን ለማወቅ ቤተሰቡን መጠየቅ ነው። «መቼ መጣች?» ሲባሉ የማያስታውሱ ሰዎች «ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነበረች ወይ?» ሲባሉ ያስታውሳሉ።

ምክንያቶቹ ምን ምን ናቸው?

1ኛ/ የምግብ ማነስ። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ማየት ይገባል። ያረጀች ድመት ዓይኗና እግሯ ስለሚደክም እንደ ወጣትነቷ አይጥ አትይዝም። ቀድሞ ራሷ ታገኘው የነበረው ሥጋ ሲቀርባት ወደ ቤት ሰው ፊቷን ታዞራለች፤ ልመናዋም ይበዛል። ቤተሰቡ የሚሰጣት እንጀራ ብቻ ከሆነ ሆዷ ይሞላል እንጂ ሰውነቷ አይጠገንም። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር በሥጋ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ እርሱን ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጐዳሉ። እዚህ ላይ የጾም ወራትም ሊታሰቡ ይገባል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን በጿሚ ቤት ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል አይገባም፤ ድመቲቱም ሳታውቀው ከቤቱ ጋር ትጾማለች። ስለዚህ የከሳችው በጾም ወራት ብቻ ከሆነና በፍስክ ጊዜ ከተመለሰች መድኃኒት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ምግቧን ማሻሻል ይበቃል።

2ኛ/ የጥርስና የድድ ሕመም። ይህች ድመት መብላት ትፈልጋለች፤ ወደ ምግቡ ሮጣ ትመጣለች፤ ነገር ግን በአንድ በኩል ታኝካለች፣ ከአፏ ይወድቅባታል፣ ለሐጯም ይፈስሳል። «ትበላለች» የሚባለው ወደ ምግቡ ስለምትመጣ ነው እንጂ የምትውጠው ጥቂት ነው። ስለዚህ ስትበላ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የበሰለና የደቀቀ ምግብ ስታገኝ ክብደቷ ከተመለሰ ጥፋቱ የጥርሷ መሆኑ ይገመታል።

3ኛ/ የሆድ ትላትል። አይጥ የምትይዝ ድመት ከትል ነፃ መሆኗ ያስቸግራል። አንደኛው የድመት ኮሶ የሚመጣው በአይጥ ጉበት ውስጥ ከሚኖር እጭ ነው፤ ሌላው በቁንጫ ይተላለፋል። በመቀመጫዋ ዙሪያ ወይም በመኝታዋ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ቍርጥራጮች ከታዩ ኮሶ አለባት። ወስፋትም ብዙ ጊዜ ይገኛል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኮሶ የአዋቂ ድመትን ሰውነት ክፉኛ የሚያከሳው ሲበዛባት ነው። የትል መድኃኒት ተሰጥቷት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ክብደቷ ካልተመለሰ መድኃኒቱን ደጋግሞ መስጠት ጥቅም የለውም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች ባሉት ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

4ኛ/ የአንገት እጢ ከመጠን በላይ መሥራት። በደጋው አገር እንቅርት ያልታየበት ቦታ ጥቂት ነው። በሰው ላይ ብዙውን ጊዜ እንቅርት የሚወጣው አዮዲን ሲያንስ እጢው የሚፈለግበትን ለመሥራት ሲታገል እያበጠ ስለሚሄድ ነው። በአሮጊት ድመት ላይ የሚሆነው ግን የተለየ ነው። በአየር ቧንቧዋ ግራና ቀኝ ያለው ይኸው እጢ ማንም ሳያዘው ከመጠን በላይ ማመንጨት ይጀምራል። ውጤቱም ክሩ ከልክ በላይ እንደወጣ ፋኖስ ነው፤ ብርሃኑ ይበዛል፣ ጋዙ ግን ቶሎ ያልቃል። ድመቲቱ ትበላለች፤ የበላችው ወዲያው ይነድዳል፤ ቀጥሎም የገዛ ሥጋዋ ይነድዳል። ዕረፍት ታጣለች፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ ውኃ ታበዛለች፣ ታስታውካለች ወይም ትቀምጣለች፣ ፀጉሯ ይንጨባረራል፣ የልቧም ምት በደቂቃ ከ240 ሊያልፍ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ በጉሮሮዋ ሥር እንደ ባቄላ ያለ እብጠት በጣት ሊዳሰስ ይችላል።

ይህ በሽታ በድመት ላይ መኖሩ በግልጽ የታወቀው በ1979 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የእንስሳት ሐኪሞች ባወጡት ጽሑፍ ነው። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ በአሮጊት ድመቶች ላይ በብዛት ከሚገኙት የሆርሞን በሽታዎች አንዱ ሆኗል። የሚያጠቃውም ከ10 ዓመት በላይ የሆኑትን በአብዛኛው ነው። እብጠቱ ከ100 ድመቶች በ95ቱና ከዚያ በላይ በሆኑት ካንሰር አይደለም። አዮዲን ያለው ጨው መስጠት መድኃኒቱ አይደለም፤ የበሽታው መነሻ የአዮዲን እጥረት ነው ተብሎ እንደ ሰው እንቅርት ሊታከም አይገባም። የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ሲሆን፣ የሚታከመውም የእጢውን ሥራ በሚገታ የየዕለት መድኃኒት፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በልዩ ጨረር ነው።

5ኛ/ የስኳር በሽታ። የጎርፍ መስኖ ለሚያውቅ የራያ ገበሬ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ጎርፉ እስከ ማሳው ጫፍ ደርሷል፤ ነገር ግን መግቢያው ስለተዘጋ ወደ መደቡ አልገባም። ውኃው በዙሪያው እያለፈ ማሽላው ይደርቃል። በስኳር በሽታም ምግቡ ስኳር ሆኖ በደም ውስጥ ይዞራል፣ ወደ ሥጋዋ ግን አይገባም፤ በመጨረሻም በሽንት ይፈስሳል። ድመቲቱ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሸናለች፣ ትከሳለች። በሽታው ሲጠና የኋላ እግሯን ከተረከዟ ጀምራ መሬት እያስነካች ትሄዳለች። በሽንቷ ላይ ጉንዳን መሰብሰቡ ፍንጭ ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። የሰውን ሽንት ለመመርመር የሚያገለግለው የስኳር መመርመሪያ ወረቀት በድመት ሽንትም ይሠራል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊጠቀምበት ይችላል።

6ኛ/ የአንጀት በሽታ። ያረጀች ድመት አንጀቷ በቍስለት ወይም በካንሰር ሲወፍር የበላችውን መምጠጥ ያቅተዋል። ለረዥም ጊዜ ማስታወክና መቀመጥ ምልክቶቹ ናቸው።

ከእነዚህ ጋር መደባለቅ የሌለበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም መርዝ ነው። መርዝ የበላች ድመት በወራት ውስጥ እየበላች አትከሳም፤ በድንገት ትታመማለች። አፍንጫዋ ወይም አፏ ቢደማ፣ ብትንቀጠቀጥ ወይም በድንገት ብትዝል ከአይጥ መርዝ ጋር መገናኘቱን መጠርጠር ይገባል።

የማይሰጡ መድኃኒቶች

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር እወዳለሁ። በቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ለድመት መሞከር ከበሽታው ይልቅ ፈጥኖ ይገድላታል።

ሀ/ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። አንድ ክኒን እንኳ ልትሞትበት ትችላለች።

ለ/ ለከብት መዥገር የሚረጩ መድኃኒቶች፣ በተለይም ፐርሜትሪንና መሰሎቹ፣ በድመት ላይ ፈጽሞ መደረግ የለባቸውም። ድመት ፀጉሯን ስለምትልስ በቆዳዋ የገባው ሳይበቃ በአፏም ትወስደዋለች።

ሐ/ ለበግና ለከብት የሚሰጡትን አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን በግምት ለድመት መስጠት የአጥንት መቅኔዋንና አእምሮዋን ሊጐዳ ይችላል።

መ/ ለድመት ኮሶ የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ለሰው ብልሃርዚያ ከሚሰጠው ጋር አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው። ነገር ግን የሰው ክኒን 600 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለአንዲት ድመት የሚበቃው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። መጠኑን በክብደቷ አስልቶ የሚወስነው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መሆን አለበት። የተመዘገበው ደብተር እዚህም ላይ ይጠቅማል።

ሠ/ ሰው የሚጠጣው የኮሶ አበባም ለድመት አይሰጥም።

ለቤተሰቡ የሚደረግ ጥንቃቄ

የታመመች ድመት በባዶ እጅ አትያዝም፤ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ነው። ጠባይዋ በድንገት ተለውጦ ያለ ምክንያት የምትነክስ፣ የምትቃዥ ወይም መዋጥ ያቃታት ድመት ከሆነች ነገሩ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ድመቲቱን ለመመዘንም ሆነ ለማከም መሞከር አይገባም። የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ሁለተኛው የድመት ዐይነ ምድር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከተመረመሩ 36 ባለቤት አልባ ድመቶች ውስጥ በ33ቱ ደም ቶክሶፕላዝማ ለተባለው ጥገኛ ተሕዋስ የመጋለጥ ምልክት ተገኝቷል። ይህ ተሕዋስ ነፍሰ ጡር ሴትን ሲይዝ ፅንሱን ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት የድመት ዐይነ ምድር እንዳታነሣ፣ ሌላ ሰውም በየቀኑ አንሥቶ እንዲቀብረው ያስፈልጋል። ዐይነ ምድሩ ወዲያው እንደወጣ አያስተላልፍም፤ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሲቈይ ነው አደገኛ የሚሆነው። ለድመቲቱ የሚሰጠው ሳንባና ጣፊያም ተቀቅሎ ይሰጥ።

ሕክምናው ምን ያህል ይቻላል?

እውነቱን መነጋገር ይሻላል። የወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች የተቋቋሙት በዋናው ለእርባታ እንስሳት ነው። የአንገት እጢንና የስኳር በሽታን ማከም የየዕለት መድኃኒትና ተደጋጋሚ ምርመራ ይጠይቃል፤ ይህን ሁሉ አንድ የገበሬ ቤት ሊሸከም አይችል ይሆናል። ነገር ግን ከስድስቱ ምክንያቶች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ማለትም የምግብ ማነስ፣ የጥርስ ሕመምና ትል፣ በመንደር ደረጃ ሊታዩና በትንሽ ወጪ ሊቃለሉ የሚችሉ ናቸው። በቀሩት ሦስቱ ላይ «አይቻልም» ብሎ ከመዝጋት የክሊኒኩን ባለሙያ ማማከር ይገባል። በአገራችን በ1979 እ.ኤ.አ. በደብረ ዘይት የተጀመረው የእንስሳት ሕክምና ከፍተኛ ትምህርት ሐኪሞች ሲያወጣ ቈይቷል፤ ዛሬም ትምህርቱ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ስለዚህ ጥያቄው ጠያቂ እንጂ መላሽ የሚያጣ አይደለም።

ሕክምናው የማይቻል ሆኖ ቢገኝ እንኳ የምትበላውን ከፋፍሎ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መስጠት፣ ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ማስቀመጥ፣ ከብርድና ከውሻ መከለል ይቻላል። የተቀቀለ ሥጋ፣ ጣፊያ፣ ሳንባና ዕንቁላል ይስማማታል። ወተት ብዙ አዋቂ ድመቶችን ስለሚያስቀምጥ ውኃን አይተካም። ሥቃይዋ የበዛ እንደሆነ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ሳትሠቃይ እንዲያሳርፋት ማድረግ በጆንያ ከትቶ ወንዝ ዳር ከመጣል እጅግ የተሻለ ነው። አሥር ዓመት እህል የጠበቀች እንስሳ ይህን ያህል ይገባታል ብዬ አምናለሁ።

ጐተራው በአንዲት ድመት ላይ አይደገፍ

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት እዚህ ላይ ነው። ድመቲቱ ስትከሳ አይጡ አስቀድሞ ያውቃል። ሰው መክሳቷን ባስተዋለበት ወር አይጦች በጐታው ሥር ሁለተኛ ጊዜ ወልደው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚወሰደው የተለመደ እርምጃ ወደ ገበያ ሮጦ መርዝ መግዛት ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የበላ አይጥ ሆዱ ውስጥ ያልተፈጨ መርዝ ሊኖር ስለሚችል ድመት ስትበላው ልትመረዝ ትችላለች። ደም የሚያቀጥኑት መርዞች ደግሞ አይጡን ወዲያው ስለማይገድሉ ለቀናት እየተንገዳገደ ይቈያል። ያረጀችና የተራበች ድመት በቀላሉ የምትይዘው ይህንኑ አይጥ ነው። በዚህ ሁኔታ የቀረችውን ጠባቂ በገዛ እጃችን እናጠፋለን። ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ አደጋው ከድመት ያልፋል።

ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች በሥራ ላይ እንዲውሉ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1. ድመቲቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሞላት ወጣት ድመት ወደ ቤት ይግባ። አሮጊቷ በሕይወት ሳለች ወጣቷ ቤቱንና ጐተራውን ትለምዳለች። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት ግልገል የበዛበትንና ድመት የሌለበትን ቤት እየለዩ ሊያገናኙ ይችላሉ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

2. የአገዳ ክምር ከቤትና ከጐተራ ራቅ ብሎ፣ ቢቻል ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይከመር። በጐተራው ዙሪያ ሁለትና ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መሬት ይኑር፤ አይጥ ገላጣ ቦታ ማቋረጥ አይወድም።

3. ጐተራው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ በየእግሩ ላይም አፉ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ቈብ ይደረግለት። ቅርንጫፍ ወይም ግድግዳ እንዳይነካው ይጠበቅ።

4. እህል በሦስት ድርብ ከረጢት ማስቀመጥ ነቀዝን ይከላከላል፤ የአይጥን ጥርስ ግን አይመልስም። ስለዚህ ከረጢት የገባው እህልም ጠባቂ ይፈልጋል።

5. መርዝ መጠቀም ግድ ከሆነ በባለሙያ ምክር፣ ድመትና ሕፃን በማይደርስበት ሣጥን ውስጥ ይደረግ፤ የሞቱት አይጦችም በየማለዳው ተለቅመው ይቀበሩ።

6. የኤክስቴንሽን ሠራተኛው የእህል አቀማመጥ ለማየት ወደ ቤት ሲገባ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ድመት አላችሁ ወይ? ዕድሜዋ ስንት ነው? ትበላለች ወይ? ከስታለች ወይ?» የሚል ይሁን። መልሱን ከጐተራው ሁኔታ ጋር በደብተሩ ይጻፍ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደምንረዳው፣ እየበላች የምትከሳ አሮጊት ድመት የምትነግረን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስለ ራሷ ነው፤ ይኸውም መታየት፣ መመዘንና እንደ አቅም መረዳት ያለባት መሆኗን ነው። ሁለተኛው ስለ ጐተራው ነው፤ ይኸውም የአንድ ዓመት ልፋት በአንድ እንስሳ ጉልበት ላይ ብቻ መጣል የሌለበት መሆኑን ነው። የመጀመሪያውን የሰማ ቤተሰብ ምግቡን አይከለክላትም፤ ሁለተኛውን የሰማ ቤተሰብ ደግሞ ተተኪዋን ያሳድጋል፣ ጐተራውንም ያድሳል።

የማሽላው አጨዳ ከማለቁ፣ እህሉም ወደ ጐታ ከመግባቱ በፊት፣ በየቀበሌው በሚደረገው የእህል አቀማመጥ ትምህርት ላይ ለዚህ ጉዳይ ሩብ ሰዓት እንዲመደብለት የልማት ሠራተኞችንና የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ኮሚቴዎች እጠይቃለሁ። ሚዛኑ በየሱቁ አለ፤ ደብተርም አይጠፋም። የሚቀረው ጥያቄውን ሳይስቁ መቀበል ብቻ ነው።